የአያ ስንሻው ሆድ

ማነው የሳቀው?

አንተ ነህ፤ አየሁህ። የወይዘሮ አስካለ አዲሱ አማች። ነጠላህን አፍህ ላይ ብትጥልም ትከሻህ አሳበቀህ። አዎ፣ የጮኸው የኔ ሆድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያለ እረፍት የሠራ ሆድ በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ቢያንጎራጉር ምን ያስቃል? እናንተ ደብር ይሳቅ ይሆናል። እዚህ ዝግባ አፋፍ ሚካኤል ሰንበቴ ቤት ውስጥ ግን በሰው ሆድ አይሳቅም። ዙሪያህን ተመልከት፤ ካንተ ሌላ የሳቀ አለ? የለም። ለምን ዛሬ በዳቦ ፋንታ ቂጣ እንደ ቀረበም አልገባህም። ፊትህ ይናገራል።

ስለማታውቅ ነው፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ቄሱ መጥተው ቂጣውን እስኪባርኩ ጊዜ አለን፤ ልንገርህ። እናንተም አትቁነጥነጡ። መቶ ጊዜ ሰምተነዋል ብላችሁ ዓይናችሁን ወደ ሌማቱ የምትወረውሩ አላችሁ። ደግማችሁ ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ ይህ ደጅ ያለው ትልቁ ዝግባ ፍየል የምትዘለው ችግኝ ሳለ ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ነበር። ስሙ ስንሻው ነው፤ አያ ስንሻው ይሉታል። ሥራው ገመድ መግመድ ነው። ቃጫ ይፍቃል፣ ያጥባል፣ ይገምዳል። ላም ያሰረ ሁሉ በስንሻው ገመድ አሰረ። እንጨት የተሸከመች ሁሉ በስንሻው ገመድ ተሸከመች። እሱ ግን የሚያስረው ላም የለውም። ሚስት ነበረችው፣ ሞተችበት። ልጅ አልወለደም። ያለው አንዲት ጎጆና አንድ ሆድ ነው።

ሆዱን ስላችሁ ቦርጫም እንዳይመስላችሁ። ከጀርባው የተጣበቀ፣ ባዶ አቁማዳ የመሰለ ሆድ ነው። ጉዱ ያለው ድምፁ ላይ ነው።

ሰንበቴ ምን እንደሆነ መቼም አማቹም ታውቃለህ። ተራ የደረሰው ጋግሮ ጠምቆ ያመጣል፣ ማኅበርተኛው አብሮ ይበላል። ሌላው ደብር እሑድ እሑድ ብቻ ይቀመጣል። ዝግባ አፋፍ ግን በሁዳዴ በየቀኑ ነው። ቅዳሴ ሲወጣ ሁሉም ወደዚህ ቤት ይገባል፣ አብሮ እህል ይቀምሳል። ዛሬም እንዲሁ ነው፣ ያኔም እንዲሁ ነበር። ያኔ ግን ተራ ያለው ብቻ ነው የሚገባው። ተራ የሌለው ከደጅ ይቆማል፤ ለማኝ ከሆነ ቁራሽ ይወጣለታል። አያ ስንሻው ደግሞ ለማኝ አይደለም። እጁ ሥራ ያውቃል፤ እጁን ለቁራሽ መዘርጋት አልሆነለትም። ስለዚህ ሁሉም ሲገባ እሱ ወደ ጎጆው ይሄዳል።

የዚያ ዘመን የዝግባ አፋፍ ሰው አንድ ጠባይ ነበረው። በሁዳዴ ራበኝ ማለት ነውር ነው። ሁሉም ይርበዋል፣ ሁሉም አልራበኝም ይላል። ጠዋት መንገድ ላይ ይገናኛሉ። «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ይላል አንዱ። «ኧረ መግባቱንም ልብ አላልኩት» ይላል ሌላው። ከሁሉ የሚብሱት የሰንበቴው ሙሴ ባላምባራስ ድልነሳ ነበሩ። ሙሴ ማለት ያው አለቃው ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚሉት እሳቸው ናቸው። ባላምባራስ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ለእኔ ሁዳዴ አጭር ነው። ሌላ ሁለት ወር ቢጨመርበት ደስ ባለኝ» ይሉ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በዘወረደ ሳምንት፣ ጾሙ ገና ሲገባ ነው። ቄሰ ገበዝ ላቀው ስለ ጾም ያስተምራሉ። ስለ ነነዌ አነሡ። ሰው ብቻ አይደለም፣ ከብቱም ጾመ አሉ። ላሙ ጾመ፣ በጉ ጾመ፣ አህያው ጾመ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «እስቲ አስቡት ልጆቼ፤ እነዚያ ከብቶች በረት ሆነው ወደ ፈጣሪ ሲጮኹ ምን ብለው ይሆን?» ብለው ዝም አሉ።

ሕዝቡም ዝም አለ። የአያ ስንሻው ሆድ መለሰ።

መጀመሪያ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ ተንከባለለ፣ ተጠራቀመ። ከዚያ እንደ ወይፈን እምቧ አለ። አንድ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ፣ «ኧረ ጥጃውን አስወጡት!» አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነከሱ። የዲያቆኑ ጧፍ ከእጁ ወደቀ። ቄሰ ገበዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሱ ነው ያለም ነበር።

ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም። «ይህ ሰው ደብሩን አዋረደው» አሉ።

ስንሻው አፈረ። ቤቱ ገባ፣ ከገመዶቹ ሁሉ ጠንካራውን መረጠ፣ ሆዱን እንደ አህያ ጭነት ጠፍሮ አሰረ። በማግስቱ መጥቶ ቆመ። ጸሎቱ ተጀመረ፣ ሆዱ ዝም አለ። ስግደቱ ተጀመረ፣ ሆዱ ዝም አለ። ስንሻው ደስ አለው። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ሆድ በገመድ ይቀራል እንዴ? ትናንት በወፍራሙ የወጣው ዛሬ በቀጭኑ ወጣ። ዋሽንት ሆነ። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። መሪጌታው ጆሮውን አቅንቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «አራራይ ነው» አለ። የዜማውን ዓይነት መለየቱ ነው እንግዲህ። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ።

ባላምባራስ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩት።

«ከነገ ጀምሮ ከደጀ ሰላሙ፣ ደወሉ ሥር ቁም። ጾመኛ መሐል እንዲህ ያለ ሆድ አይቆምም።»

«እሺ ጌታዬ፣ እቆማለሁ» አለ ስንሻው። «ቅዳሴ ሲወጣ ግን ከሰንበቴው ልግባ? ከሰው ጋር ብበላ ይህም ሆድ አደብ ይገዛ ይሆናል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ስቀመጥ እህሉ አይወርድልኝም።»

«ተራ አለህ?»

«የለኝም።»

«ሰንበቴ በተራ ነው። ሂድ በል።»

ስንሻው ሄደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በዚህ ዓለም የተመኘው አንድ ነገር ይህችን ነበር። እዚህ አግዳሚ ላይ፣ በሰውና በሰው መሐል መቀመጥ። እናንተ በየቀኑ እየተቀመጣችሁ ጠበበን የምትሉበት አግዳሚ ላይ። እኔ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሁለተኛው ነገር የሆነው በምኩራብ ሳምንት ነው። ያኔ ሰዓት የሚባል ዕቃ በዚህ አገር የለም። ቄሰ ገበዙ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ፣ ልኩ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ይላሉ። ደወል ይደወላል፣ ቅዳሴ ይገባል፣ ቅዳሴ ሲወጣ እህል ይቀመሳል። ከዘጠኝ በፊት የቀመሰ ጾሙን ሻረ። ሕጉ ይህ ነው።

በዚያ ሳምንት የበልግ ጉም መጣ። ጉሙ ዝግባውን ዋጠ፣ ደወሉን ዋጠ፣ የቄሰ ገበዙን ጥላ ዋጠ። ጥላ ከሌለ ምን ይለካል? ቄሰ ገበዙ ቢጨንቃቸው በግምት አስደወሉ። ተቀደሰ። ሕዝቡ ሰንበቴ ቤት ገባ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ሁሉም ጎረሰ። ያኔ ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ አናት ላይ ናት!

ጉድ ፈላ። ቀትር ላይ ጾም ሽረዋል። ሁሉም የጎረሰውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ይተፋ ወይስ ይዋጥ የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ የሚካሄደው ደግሞ በሞላ አፍ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ቄሰ ገበዙ «ዋጡትና ስገዱ» ብለው ፈረዱ። ሕዝቡ እስኪመሽ ሲሰግድ ዋለ፤ ወገቡን ያልያዘ አልነበረም።

በማግስቱም ጉም ነው። ቄሰ ገበዙ የትናንቱን አይደግሙም። ቆዩ። ቆዩ። አሁንም ቆዩ። ሕዝቡ እግሩ ከዳው፣ አሮጊቶች ግድግዳ ተደገፉ። በመጨረሻ ከገደሉ በኩል ረጅም ጩኸት ተሰማ። አንዱ «ስንሻው ነው» አለ። ሌላው ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ «የለም፣ ጅብ ነው» አለ። ለካስ መሽቶ ኖሯል!

ባላምባራስን ሁለት ሰው ደግፎ ወሰዳቸው። «እግሬን ስለያዘኝ ነው እንጂ አልራበኝም» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ እንዳለ ነው። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይነጫነጫል። ደጀ ሰላሙ ላይ እማማ ውዴ የሚሏት ዓይነ ስውር ለማኝ ነበረች። ከስንሻው ጎን ነው የምትቀመጠው። እሷ ተነሥታ፣ «አባቶቼ፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች። «እኔ ፀሐይም ጥላም አላይም፤ እሰማለሁ። ይህ ሰው ደጅ ከወጣ ጀምሮ ጉሙ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ መጀመሪያ ሆዱ ይጮኻል፣ ወዲያው ደወሉ ይጮኻል። እኔማ ደወሉን የሚያዝዘው እሱ ይመስለኝ ነበር።»

ቄሰ ገበዙ ፂማቸውን ያዙ። አሰቡ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ዛሬ የስንሻው ሆድ ይመስክር» አሉ።

«ቅዳሴ በሆድ ሊመራ ነው?» ብለው ባላምባራስ ጮኹ።

«ሆዱንስ የፈጠረው ማን ሆነና ነው ባላምባራስ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

ስንሻውን መሐል ግቢ አቆሙት። ሕዝቡ ሁሉ ከበበው፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ሆዱ ላይ አፈጠጠ። ቀሳውስቱ አፈጠጡ፣ ሽማግሌው አፈጠጠ፣ ውሻው ሳይቀር አፈጠጠ። ሆዱ ምንም አላለ። ቆዩ። ምንም አላለ። ስንሻው ላቡ በግንባሩ ወረደና፣ «አባቴ፣ ሰው ሲያየው ያፍራል» አለ። ቄሰ ገበዙ ሕዝቡን ፊታችሁን አዙሩ አሉት። የዝግባ አፋፍ ሕዝብ በሙሉ፣ ባላባቱም መነኩሲቱም፣ ለአንድ ገመድ ገማጅ ሆድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ባላምባራስ አልዞርም ብለው ነበር፤ ባለቤታቸው እሜቴ የውብዳር በክርናቸው ጎሰም አድርገው አዞሯቸው።

ያኔ ሆዱ እምቧ አለ።

ወዲያው ነፋስ መጣ፣ ጉሙን ገለጠው፣ ፀሐይ ወጣች። ቄሰ ገበዙ ሮጠው ጥላቸውን ለኩ። ልክ ዘጠኝ! ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉም በሆነ ቁጥር ሕዝቡ ይዞራል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ ደወሉ ይደወላል።

ስንሻው እንግዲህ ያስገቡኛል ብሎ ልቡ ሞላ። ፊቱን ታጠበ፣ ነጠላውን አራገፈ፣ ከሰንበቴው ደጅ ቆመ። ባላምባራስ በመስኮት አንድ ቁራሽ ዳቦ አወጡለት።

«እንካ፤ አገልግሎትህን እግዜር ይቁጠርልህ።»

«ገብቼ ብበላውስ ጌታዬ? ጥግ ይበቃኛል።»

«ተራ ያለው ይገባል። እህልህን አምጣ፣ ተራህን አውጣና ግባ። ሕግ ሕግ ነው።»

ስንሻው ዳቦውን ለእማማ ውዴ ሰጣት። ቀጣዩ እሑድ መጻጉዕ ነበር። ቄሰ ገበዙ ስለዚያ ሰው አጥቶ አልጋው ላይ ስለኖረ በሽተኛ አስተማሩ። ማንም አንሥቶ ወደ ውሃው የሚያስገባው አልነበረም አሉ። ባላምባራስ አምርረው አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ወጡ፣ ስንሻውን ደጅ ላይ አልፈው ገቡ። ከልባቸው ነበር ያለቀሱት፤ ሐሰት አልነበረውም። ደጅ ያለውን ሰው ግን አላዩትም።

ሦስተኛው ነገር የሆነው በገብር ኄር ሳምንት ነው፤ ልክ እንደ ዛሬው። ጉሙ ከሄደ ሰንብቶ ነበር። ፀሐይ ስላለች የስንሻውን ሆድ የፈለገ የለም። ደወሉ ሥር ይቆም አይቆም ያየ የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጉሙ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ተረጋግቶ መጣ። ሰዓቱ ደርሷል ሲሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ዝም።

ትንሽ ቆዩ። ዝም። «ስንሻው፣ በል እንጂ!» አለ አንዱ ፊቱን እንዳዞረ። ዝም። ዞረው ቢያዩ ስንሻው የለም። ደወሉ ሥር እማማ ውዴ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ሰሞኑን አልመጣም» አለች። «የጠየቀኝ ስላልነበረ አልተናገርኩም።»

«በልቷል!» አሉ ባላምባራስ። «ጾሙን ሽሮ፣ ጠግቦ ተኝቷል። የጠገበ ሆድ ነው ዝም የሚል። ይህን ሁሉ ሰው በሆድ አትምሩት አላልኳችሁም? ኑ፣ ድስቱን ምድጃው ላይ እንዳለ ላሳያችሁ!»

ሕዝቡም ርቦታል፤ የራበው ሰው ደግሞ ቁጣ ይፈጥነዋል። ባላምባራስ ከፊት፣ ቄሰ ገበዙ ከኋላቸው፣ እሜቴ የውብዳር ከጎናቸው፣ አገሩ ሁሉ ተከትሎ ወደ ስንሻው ጎጆ ወረደ። ጾም ሽሮ ከተገኘ ከደብሩ ሊያስወጡት ነው። ደጅ መቆምም ሊቀርበት ነው።

ባላምባራስ በሩን በእግራቸው ከፈቱ። ጎጆዋ ጨለማ ናት። ወደ ምድጃው ሄዱ፤ ድስት የለም። አመዱ ቀዝቅዟል፤ አመዱ ላይ ድመት ተኝታበታለች። ሌማቱን ገለጡ፤ ባዶ ነው። እንስራውን አጋደሉ፤ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ነገር እጃቸው ነካ። አቁማዳ ነው። ሞልቷል። በአዲስ ገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ባላምባራስ። ገመዱን ፈቱ፣ እጃቸውን አስገቡ። ጥሬ ስንዴ ነው። የተለቀመ፣ የተበጠረ፣ አንድ እፍኝ ያልጎደለ ስንዴ።

ከመደቡ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ። ስንሻው ተኝቶ ነበር። ፊቱ አልቋል።

«ቀስ ብለው ይያዙት ጌታዬ» አለ። «የእናንተ ነው። ተራህን አምጣ ብለውኝ የለ? ያሉኝን ገመዶች ሁሉ በእህል ለወጥኳቸው። እሱን ላለመንካት ብዬ እኔ ትንሽ ታግሼ ነበር። እህሉ ሞላልኝ፤ የሚፈጭልኝ ሴት አጣሁ። ባለቤቴ እንደሌለች ረስቼው ነበር።»

«ሆድህስ?» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ሆድህ ምን ሆነ ልጄ?»

«አኩርፏል አባቴ። ብጠራውም አይመልስልኝ። ሰዓቱን ስላላገኛችሁ ይቅር በሉኝ።»

የሚሰማው የድመቷ ትንፋሽ ብቻ ነው። ባላምባራስ እፍኝ ስንዴ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተነሣ። እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ወደ ታች ወረደ። ተንከባለለ። ከዚያ እንደ ሙሉ በሬ እምቧ አለ፤ ድመቷ ከምድጃው ዘላ ወጣች።

የስንሻው አልነበረም።

«መሬቱ ነው» አሉ ባላምባራስ።

እሜቴ የውብዳር እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «የለም ድልነሳ፤ ይህን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ። ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ በየሁዳዴው ስሰማው ኖሬያለሁ።»

ስንሻው ከመደቡ ላይ በአንድ ክርኑ ቀና አለ። ዓይኑ በራ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል አባቴ» አለ። «ይግቡ፣ ይቀድሱ። የባላምባራስ ሆድ ደውሏል።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሰ ገበዙ ናቸው። ሲስቁ ሆዳቸው ተንቀሳቀሰና እሱም ጮኸ። ከዚያ የመሪጌታው ጮኸ። ከዚያ የእሜቴ የውብዳር ጮኸ። ከዚያ በር ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ ሆድ ሁሉ፣ ዓመት እስከ ዓመት ታፍኖ የኖረው ሁሉ አንድ ላይ ተለቀቀ። ወይፈኑ፣ ዋሽንቱ፣ ነጎድጓዱ ተቀላቀለ። ለካስ ሁሉም ርቦት ነበር። ለካስ አንዱም ሳይርበው የጾመ አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ ሳቀ፣ እንባው መጣ።

ባላምባራስ ግን እንባው ብቻ ነው የመጣባቸው። ካባቸውን አውልቀው ስንሻውን አለበሱት። ጎንበስ አሉና፣ «ና፣ ጀርባዬ ላይ ውጣ» አሉት።

«ይከብድብዎታል፤ አልበሉም እኮ።»

«አልበላሁም፤ ርቦኛል!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «ርቦኛል፣ አንተ ግን ምን ትከብዳለህ?»

በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን አወጡት። ቄሰ ገበዙ ሊቀድሱ ገቡ። እሜቴ የውብዳር አቁማዳውን ተሸክመው ወፍጮ ላይ ወደቁ፤ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ፈጩት። እንደ ዳቦ አቡክቶ ለማቆየት ጊዜ አልነበረም። ቂጣ ሆነ። ቅዳሴ ሲወጣ ስንሻው በራሱ ተራ፣ በራሱ ቂጣ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ ከባላምባራስና ከእማማ ውዴ መሐል ተቀመጠ። እማማ ውዴንም አስገብተዋታል። ባላምባራስ የመጀመሪያውን ቆርሰው ለስንሻው አጎረሱት። ስንሻው አኘከ፣ ዋጠ። «ወረደ» አለ። ሌላ አልተናገረም፤ ይህችን ብቻ ነው ያለው። እኔ ይህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ቆዩኝ።

ባላምባራስ እንደ ሙሴነታቸው ቆመው ሕግ አወጡ። «ከእንግዲህ ተራ የለህም ተብሎ ደጅ የሚቀር የለም፤ የመራብም ተራ አለ። የጎረቤቱን ሆድ የሰማ አይሳቅ። የሰማ ያጉርስ።»

ከዚያ ወዲያስ? ከዚያ ወዲያ ስንሻው በየቀኑ ከሰው ጋር በላ። ሆዱም አደብ ገዛ። በሚቀጥለው ጉም ቄሰ ገበዙ ወጥተው፣ «ስንሻው ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ዞሮ ጠበቀ። ድምፅ የለም። የጠገበ ሆድ ሰዓት አይቆጥርም! ደብሩ ሰዓቱን አጣ። ያኔ እማማ ውዴ፣ «ገባ፣ ተቀመጠ!» ብላ መለሰች። ሰውም በአንድ ድምፅ «ገባ፣ ተቀመጠ!» አለ። ሰዓቱን ባላምባራስ ተረከቡ። እስኪሞቱ ድረስ በጉም ቀን መሐል ግቢ እየቆሙ፣ «ዙሩ፤ ያፍራል» ይሉ ነበር። ኩራታቸው እንደሆን አልቀነሰም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ።

ስንሻውም አረጀ፣ ሞተ። የተቀበረው ደወሉ ሥር ነው። ይኸውላችሁ፣ አሁን ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ሰዓት አለ፤ ቢሆንም በሁዳዴ ጉም ሲወርድ ቄሱ ወጥተው «ስንሻው ምን አለ?» ይላሉ፤ እኛም «ገባ፣ ተቀመጠ» እንላለን። በገብር ኄር ሳምንት ሰንበቴው ላይ ዳቦ አይቀርብም፤ ቂጣ ነው። የሰው ሆድ ሲጮኽ ደግሞ አንስቅም።

ቄሱ መጡ። ተነሡ፣ ተነሡ።

አሜን። ተቀመጡ።

ሌላ ጊዜ ተረት የነገረ ሽማግሌ አፌን በዳቦ አብሱልኝ ብሎ ይለምናል። እኔ አልለምንም፤ ሕግ አለኝ። ና እዚህ አንተ አማች። የኔን ሆድ ሰምተሃል፤ አልሰማሁም እንዳትለኝ፣ ሳቅህ ምስክር ነው። ቁረስ። አማትህ እያዩህ ስለሆነ እንዳታሳንሰው።

ይኸው፣ አፌን ከፍቻለሁ።